አክብሮት የተሞላበት የወሊድ እንክብካቤ

አክብሮት የተሞላበት የወሊድ እንክብካቤ ማለት አንዲት ሴት በምጥ ጊዜ፣ በወሊድ ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ክብሯ፣ ገመናዋና ምስጢሯ ተጠብቆ፣ ከስድብ፣ ከማስፈራራትና ከድብደባ ነፃ ሆና፣ የሚደረግላት ነገር አስቀድሞ ተነግሯትና ፈቅዳ፣ የምትመርጠው ሰውም አጠገቧ ሆኖ የምታገኘው የጤና አገልግሎት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ውስጥ ካሉት 56 ምክሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ሰነዶች ውስጥ ደግሞ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ከሚለው አገላለጽ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ጉዳዩ የመልካም ፀባይ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በጤና ተቋም ውስጥ የተሰደበች ወይም የተዋረደች እናት ቀጣዩን ልጇን ቤቷ ለመውለድ ልትወስን ትችላለች። ያየችውንም ለእህቷ፣ ለጎረቤቷና ለሴት ልጇ ትናገራለች። ቤት ውስጥ ደም ቢፈሳት ወይም ምጡ ቢጠናባት ግን ሕይወቷን የሚያተርፍ መድኃኒትም ሆነ ባለሙያ በአቅራቢያዋ አይኖርም። ስለዚህ አክብሮት የሕክምናው ጌጥ ሳይሆን የሕክምናው ክፍል ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ መጣጥፍ የሐሳቡን ምንነትና አመጣጥ፣ በኢትዮጵያ ያለውን ሁኔታ፣ በተለይም ደቡብ ወሎ ውስጥ ደሴንና ኮምቦልቻን እንደ ምሳሌ በመውሰድ ያብራራል።

የሐሳቡ አመጣጥ

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አገሮች የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ያተኮረው ሴቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ በማድረግ ላይ ነበር። ብዙ ሴቶች ወደ ተቋም ሲመጡ ግን ሌላ ችግር ጎልቶ ታየ፤ ይኸውም በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የሚደርስባቸው አያያዝ ነው። በላቲን አሜሪካ ጉዳዩ ቀድሞ ወደ ሕግ ገባ። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2004 ወላዶች ሊደረግላቸው ስለሚገባው አያያዝ ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ ቬንዙዌላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በወሊድ ጊዜ የሚፈጸም በደልን እንደ አንድ የጥቃት ዓይነት በሕግ ደነገገች።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዲያና ባውዘርና ካትሊን ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች በጤና ተቋማት የሚደርሱ በደሎችን በሰባት ዓይነት ከፍለው አቀረቡ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ በሰፊው ይሠራበታል፦

1. አካላዊ ጥቃት፦ ወላዷን በጥፊ ወይም ጭኗን መምታት፣ መቆንጠጥ፣ አልጋ ላይ ማሰር።
2. ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ሕክምና፦ ሳይነገራት መመርመር፣ ሳትፈቅድ የብልቷን ጫፍ በመቀስ ቀዶ ማስፋት።
3. ምስጢር አለመጠበቅ፦ ሕመሟን ወይም የምርመራ ውጤቷን ሌላ ሰው እየሰማ መናገር፣ መጋረጃ በሌለበት ክፍል ማዋለድ።
4. ክብርን የሚነካ አያያዝ፦ መሳደብ፣ መጮህ፣ ማሾፍ፣ «ያኔ ደስ ሲልሽ ነበር፣ አሁን ምን ያስጮኽሻል?» የሚል ዓይነት ንግግር።
5. አድልዎ፦ በድህነቷ፣ በዕድሜዋ፣ ባለማግባቷ፣ ከገጠር በመምጣቷ፣ በቋንቋዋ፣ በሃይማኖቷ ወይም ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በመገኘቱ ለይቶ ማየት።
6. ጥሎ መሄድ፦ እየተጣራች አለመስማት፣ ብቻዋን እንድትወልድ መተው።
7. በተቋም ማገት፦ ሂሳብ አልከፈለችም ብሎ እናቲቱን ወይም ሕፃኑን አለመልቀቅ።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኋይት ሪበን አሊያንስ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት እነዚህን ሰባት በደሎች ገልብጦ የወላዶችን ሰባት መብቶች የያዘ ቻርተር አዘጋጀ፤ ቻርተሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የአራስ ሕፃናትን መብቶች ጨምሮ ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 በተቋም ውስጥ በሚወልዱ ሴቶች ላይ የሚደርሰው ማዋረድና በደል እንዲቆም መግለጫ አወጣ። መግለጫው እያንዳንዷ ሴት ክብሯ ተጠብቆ መገልገል የጤና መብቷ አካል መሆኑን ይገልጻል።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በጋና፣ በጊኒና በናይጄሪያ 2,016 ሴቶች ሲወልዱ በቀጥታ ተከታትሎ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 42 ከመቶ ያህሉ ድብደባ፣ ስድብ ወይም መገለል ደርሶባቸዋል። በደሉ የሚበዛው ከወሊዱ 30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከወሊዱ በኋላ እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሆኑም ታይቷል፤ ማለትም እናቲቱ በጣም በምትደክምበትና ባለሙያው በጣም በሚጨነቅበት ሰዓት ነው።

ከእናቶች ሞት ጋር ያለው ግንኙነት

የእናቶችን ሞት ለማስረዳት በጤና ትምህርት ውስጥ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ማብራሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው። የመጀመሪያው መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በመወሰን ላይ የሚታይ ነው። ሁለተኛው በመንገድና በመጓጓዣ ምክንያት የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ላይ የሚደርስ ነው።

በማዋለጃ ክፍል የሚደርስ በደል ላይ ላዩን ሲታይ የሦስተኛው መዘግየት ክፍል ይመስላል። ሆኖም ውጤቱ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። አንዲት እናት ተቋም ውስጥ ያየችው ነገር ቡና ሲጠጣ ይወራል፤ በወሬው መሠረት ሌላዋ ነፍሰ ጡር፣ ባሏና አማቷ ይወስናሉ። አምቡላንስ ቢኖርም፣ መንገድ ቢሠራም፣ አገልግሎቱ በነፃ ቢሆንም፣ «እዚያስ ሰው አያከብሩም» ተብሎ ከተወሰነ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ይህ መዘግየት ዋጋ የሚያስከፍለው በወሊድ ጊዜ የሚደርሱ አደጋዎች ፈጣን በመሆናቸው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም አንዲትን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያውኑ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለ መርፌ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መርፌውን ለመስጠት ግን እናቲቱ ባለሙያ ባለበት ቦታ መሆን አለባት። የተራዘመና የታነቀ ምጥ በበኩሉ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ በመፍጠር ፊስቱላ ያስከትላል። ሽንቷን መቆጣጠር የተሳናት እናት ከሰው ተገልላ የምትኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሬጂናልድና በካትሪን ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሲያክም የቆየው ይህን ጉዳት ነው። ተቋሙ ጉዳቱን ከመጠገን ይልቅ አስቀድሞ መከላከል እንደሚሻል በማመን እ.ኤ.አ. በ2007 የሚድዋይፎች ኮሌጅ ከፍቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ በጣም አድጓል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት ውስጥ በጤና ተቋም የተወለዱት፦

እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናት 5 ከመቶ
እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት 10 ከመቶ
እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት 26 ከመቶ
እ.ኤ.አ. በ2019 አነስተኛ ጥናት 48 ከመቶ ያህል ነበሩ።

በእነዚሁ ጥናቶች የእናቶች ሞት ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደቶች 871 ከነበረበት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ ለውጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ ለወረዳዎች የተሰጡት አምቡላንሶች፣ የሚድዋይፎች ቁጥር ማደግ፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶች እና በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ መሰጠቱ ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 እንኳ ከሁለት ሕፃናት አንዱ ያህል የሚወለደው ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ጥናት በተቋም ያልወለዱ ሴቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 ከመቶ የሚሆኑት «አስፈላጊ አይደለም»፣ 30 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ብለዋል። እነዚህ መልሶች የርቀትና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የጤና ተቋሙ በብዙ እናቶች ዓይን የታመመ ሰው የሚሄድበት እንጂ ጤነኛ ሴት የምትወልድበት ቦታ ሆኖ አለመታየቱን ያሳያሉ።

ሕግና ፖሊሲ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ጭካኔ ከተሞላበትና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው በአንቀጽ 18 ይደነግጋል። አንቀጽ 24 የክብር መብትን፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መጠበቅን ይመለከታሉ። አንቀጽ 35 ደግሞ ስለ ሴቶች መብት ሲሆን፣ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤናቸውን ለማስጠበቅ የሚያስችል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥርን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ባለሙያው የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝና ምስጢሩን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ተገቢውን አገልግሎት እንዲያገኙ ይጠይቃል።

በፖሊሲ በኩል ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አራት ዋና የለውጥ አጀንዳዎች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ይህም የባለሙያ ፀባይ በግለሰቡ ተፈጥሮ ላይ የሚተው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሚሠለጠንበትና የሚለካ ነገር መሆኑን ያመለክታል።

ጥናቶች ያሳዩት

በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች በወለዱ 173 እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአንተነህ አሰፋና የደላየሁ በቀለ ጥናት ትኩረት የሚስብ ውጤት አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ድርጊቶችን አንድ በአንድ ዘርዝረው ሲጠይቁ (ለምሳሌ ሳይነግሩ መመርመር፣ ብቻ መተው፣ የመውለጃ አቀማመጥ መከልከል) 79 ከመቶ የሚሆኑት እናቶች ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል ደርሶባቸው ነበር። እነዚሁ እናቶች «ተበድያለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ?» ተብለው በጥቅሉ ሲጠየቁ ግን አዎን ያሉት 16 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ብዙ ይናገራል። ብዙ እናቶች በደሉን የወሊድ አካል አድርገው ለምደውታል። ጭን ላይ መመታት «ለልጁ ሲሉ ነው»፣ አለመነገር «እነሱ ያውቃሉ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህም ምክንያት «ምንም ቅሬታ አልቀረበም» የሚል ሪፖርት አያያዙ መልካም ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እናቶችን ስለ እርካታቸው በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ «ስምሽን ጠርተውሻል? ከመመርመራቸው በፊት ነግረውሻል? ተጋርዶልሽ ነበር?» እያሉ መጠየቅ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

በአማራ ክልል በባሕር ዳር ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ርኅራኄና አክብሮት የተሞላበት አገልግሎት ያገኙት እናቶች 57 ከመቶ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ጥናት አያያዙን የጠየቀው እናቶቹ ወደፊትም በተቋም የመውለድ ሐሳብ እንዳላቸው ከሚጠይቅ ጥያቄ ጋር አገናኝቶ ነው።

በደቡብ ወሎ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል የተራራቁ የደቡብ ወሎ ዋና ከተሞች ናቸው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በደጋ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከእሷ ዝቅ ብላ በወይና ደጋው ትገኛለች። በአካባቢው ካሉት የሕክምና ተቋማት መካከል የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይጠቀሳሉ። ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከአምባሰል፣ ከኩታበርና ከሌሎችም ወረዳዎች በጤና ጣቢያ ሊረዱ ያልቻሉ ወላዶች ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ከተሞች ግቢዎች ያሉት ሲሆን የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

ይህ ሁኔታ አክብሮት የተሞላበትን እንክብካቤ በሦስት መንገድ ይፈትነዋል።

አንደኛው ከርቀት መምጣት ነው። ከገጠር ወረዳ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በአምቡላንስ ተጉዛ የምትደርስ እናት ደክሟት፣ ልብሷ በደምና በአቧራ ተበላሽቶ፣ ማንንም ሳታውቅ ነው የምትገባው። አቀባበሉ ላይ «እስከ አሁን የት ነበራችሁ?» የሚል ቁጣ ከገጠማት በመንገድ መጥፋት የተወቀሰችው እሷ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛው መማሪያ መሆን ነው። በየትኛውም የማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪዎች በወላዷ ዙሪያ መቆማቸው የተለመደ ነው። ያለ ተግባር ልምምድ ባለሙያ አይወጣም፤ ይሁን እንጂ እናቲቱ ተማሪዎች መኖራቸውን የማወቅ፣ የመፍቀድም ሆነ የመከልከል መብት አላት። አንድ ምርመራ በተለያዩ ተማሪዎች ሲደጋገምባት ሕመም ከማብዛቱም በላይ ለኢንፌክሽን ያጋልጣታል።

ሦስተኛው ያለ ቤተሰብ መውለድ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች ፋብሪካዎች ከየገጠሩ ወጣት ሴቶችን ይስባሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችም በሁለቱ ከተሞች ተጠልለው ነበር። ተፈናቃይ ወይም ተከራይ የሆነች ሴት ምጧ ሲመጣ እናቷም እህቷም አጠገቧ ላይኖሩ ይችላሉ። አይዞሽ የሚላት ሰው ከባለሙያው በቀር የለም።

ጦርነቱ ተቋማቱንም ጎድቷል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩበት ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። አክብሮት በልብ ብቻ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል። መጋረጃ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ መብራት፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትና የሚወርድ ውሃ ከሌለ ባለሙያው ቢፈልግም የእናቲቱን ገመና መሸፈን አይችልም። በደሴ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ስሙ ተራ ቃል ይምሰል እንጂ በማዋለጃ ክፍል የቧንቧ ውሃ መኖርና አለመኖር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ውሃ ካለ አዋላጇ እጇን ታጥባለች፤ የወለደችውም እናት ደሟን ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ በሰው ፊት ትወጣለች።

ባህልና የጤና ተቋም

በወሎ ወሊድ የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን የመንደር ጉዳይ ነው። ክርስቲያን ሴቶች ምጥ የያዛትን ከብበው «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጸኑላታል፤ ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። በሙስሊሞች ዘንድ ዱበርቲ የሚባሉ ሴቶች ተሰብስበው ለነፍሰ ጡሯ ዱዓ ያደርጋሉ። በሁለቱም ዘንድ ቡና ይፈላል፤ አራሷም ገንፎ ትበላለች። ቤት ውስጥ ስትወልድ እንደ ልቧ ተንበርክካ ወይም ሰው ተደግፋ ታምጣለች፤ የልምድ አዋላጇም የምታውቃት ጎረቤቷ ናት።

ቀደም ሲል በብዙ ጤና ተቋማት እነዚህ ሁሉ በር ላይ ይቀሩ ነበር። ቤተሰብ አይገባም፣ ምግብ የለም፣ እናቲቱም በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሯን በማታውቀው ሰው ፊት ከፍታ እንድትወልድ ትታዘዛለች። ለብዙ እናቶች ከሕመሙ የከፋው ይህ እፍረት ነው።

ይህን በመረዳት በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች ብዙ ጤና ጣቢያዎች የቤቱን ወግ ወደ ተቋሙ ማስገባት ጀምረዋል። ገንፎ የሚገነፋበት ዕቃና ቡና የሚፈላበት ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ዱቄቱንና ቅቤውን ብዙ ጊዜ የአካባቢው ኅብረተሰብ ያዋጣል። መንገድ ለራቃቸው ነፍሰ ጡሮች የወሊድ ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሚያዘጋጁት የነፍሰ ጡሮች ጉባኤም እናቶች ከመውለዳቸው በፊት ሚድዋይፏን ያገኟታል፤ በምጥ ሰዓት የሚያውቁት ፊት ማየታቸው ፍርሃታቸውን ይቀንሳል። እነዚህ ለውጦች ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም።

በማዋለጃ ክፍል ውስጥ በተግባር

ሲቀበሏት። ባለሙያው ስሙን ይናገራል፣ እናቲቱን በስሟ ይጠራል፣ አብሯት ለመጣው ሰውም ሁኔታውን ያስረዳል። «እገሊት እባላለሁ፤ ዛሬ አብሬሽ የምሆነው እኔ ነኝ» ለማለት ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ።

በምርመራ ጊዜ። የማሕፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለማወቅ የሚደረገው የውስጥ ምርመራ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ምክንያቱ ተነግሮና ፈቃድ ተጠይቆ ይደረጋል። ችግር ከሌለ በየአራት ሰዓቱ አንድ ጊዜ በቂ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

በምጥ ጊዜ። የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይደረጋል። በ17 አገሮች የተደረጉና ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በዚህ መሠረት በምጥ ጊዜ ሁሉ የሚያበረታታቸው ሰው የነበራቸው ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ምጣቸው ያጠረ፣ በቀዶ ጥገና የመውለዳቸው ነገርም ያነሰ ነበር። እናቲቱ አደጋ የማያሰጋት ከሆነ መጠጣት፣ መብላት፣ መንቀሳቀስና የሚመቻትን አቀማመጥ መምረጥ ትችላለች።

ምጡ ሲቆይ። ቀድሞ የማሕፀን በር በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። የ2018ቱ መመሪያ ይህ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ ይገልጻል። ከአምስት ሴንቲ ሜትር በኋላ ያለው ምጥ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ላሉት እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እናትና ሕፃን ደኅና እስከሆኑ ድረስ ወላዷን «አልገፋሽም» ብሎ መቆጣት በሕክምናም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በፓርቶግራፍ ምትክ የቀረበው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ አጋዥ ሰው መኖሩን፣ የሕመም ማስታገሻን፣ የምትጠጣውንና አቀማመጧን ከልብ ምት ጋር አብሮ ያስመዘግባል።

ሲወለድ። ሆድን ከላይ በኃይል መጫንና የብልትን ጫፍ ለሁሉም ወላድ እንደ ልማድ መቅደድ አይመከሩም። መቅደድ ግድ ሲሆን ምክንያቱ ይነገራል፣ ማደንዘዣም ይሰጣል።

ከወሊድ በኋላ። ሕፃኑ ደኅና ከሆነ ወዲያው እናቱ ደረት ላይ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥም ጡት ይይዛል። እናቲቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በተቋሙ ብትቆይ ይመከራል።

ሕፃኑ ከሞተ። ይህች እናት ከሁሉም በላይ አክብሮት ያስፈልጋታል። መርዶው ቁጭ ተብሎ፣ ቤተሰቧ ባለበት፣ በግልጽ ቋንቋ ይነገራታል። ማየት ወይም ማቀፍ ከፈለገች ይፈቀድላታል። ከተቻለም የሌሎች ሕፃናት ለቅሶ ከሚሰማበት ክፍል ርቃ እንድታርፍ ይደረጋል።

በአስቸኳይ ሁኔታ ብዙ ለማስረዳት ጊዜ አይኖርም፤ ቢሆንም «ደም እየፈሰሰሽ ስለሆነ ለማቆም ማሕፀንሽን ልጫነው ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን አያዘገይም።

የባለሙያው ሁኔታ

በደል የሚፈጸመው ባለሙያዎች ክፉ ስለሆኑ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አንዲት ሚድዋይፍ በሌሊት ተራ ብቻዋን ብዙ ወላዶችን ስትከታተል፣ ጓንትና መድኃኒት ሲጎድላት፣ ሕፃን ቢሞት ተጠያቂ እንደምትሆን ስታስብ ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ሊለወጥ ይችላል። ብዙዎችም ሲማሩ ያዩት አዋላጅ የሚቆጣ ነበር፤ የተቆጡት «ግፊ» ለማለት እንጂ ለማዋረድ አይመስላቸውም። ይህ ግን ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ስለሆነም ሥልጠና ብቻውን በቂ አይደለም፤ በቂ ባለሙያ፣ የሥራ ዕቃ፣ እረፍትና ባለሙያውን ራሱን የሚያከብር አለቃ ያስፈልጋሉ።

እናቶችና ቤተሰብ ሊያውቁት የሚገባ

በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ማንኛዋም እናት ምን እንደሚደረግላት የመጠየቅ፣ ያልገባትን የማስደገም፣ እንዲጋረድላት የመጠየቅና አብሯት የሚሆን ሰው እንዲገባ የመጠየቅ መብት አላት። በነፍሰ ጡር ክትትል ጊዜ ተቋሙን አስቀድሞ ማየት፣ አብሮ የሚሄደውን ሰው መወሰንና የአምቡላንስ ስልክ መያዝ ይጠቅማል። በደል ከደረሰ ለተቋሙ ኃላፊ ወይም ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።

የደረሰባትን መናገር የሚቀጥለውን ልጅ ቤት ከመውለድ የተሻለ መንገድ ነው፤ በዚያው አልጋ ላይ ቀጥላ የምትተኛውን እናትም ይጠቅማል።